ተማሪን ማን መገበው? ከቆሎ ተማሪ አኮፋዳ እስከ ኮሌጅ የምግብ አዳራሽ

ስለ ኮሌጅ ተማሪ ኑሮ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የፈተናው ጭንቀት፥ የመጻሕፍቱ እጥረት፥ የመኝታ ቤቱ ጥበትና የወጡ መቅጠን ነው። እኛም ከምግብ አዳራሹ ፊት ተሰልፈን ይህንኑ ስናማርር ከርመናል። ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን በዚያው ሰልፍ ላይ ሳለን አንድ ጥያቄ መጣብን። በአገራችን ተማሪ የሚባል ሰው ከታወቀበት ዘመን ጀምሮ እንጀራውን ያበላው ማን ነው? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እየተከታተልን ስንመረምረው ተማሪው ለማን ባለዕዳ እንደ ሆነ፥ ማንን እንደሚፈራ፥ የአገሩንም ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚያሳይ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የቆሎ ተማሪንና የኮሌጅ ተማሪን ኑሮ በዚህ በኩል ለመመልከት አሰብን።

አስቀድመን አንድ ነገር መናገር ይገባናል። እኛ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጆች አይደለንም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የጨረስነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ነው፤ በደወል ተነሥተን፥ በደወል በልተን፥ በደወል ተኝተን አድገናል። የቆሎ ተማሪ ለእኛ በገበያ ቀን በመንገድ ዳር የምናየው ደበሎ ለባሽ ልጅ እንጂ የሕይወቱን ነገር የምናውቀው ሰው አልነበረም። ለዚህ ጽሑፍ ስንል በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ እየሄድን ጠይቀናል። ደግሞም አቶ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አፍ ሰምተው ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» አንብበናል። ስለ ጥንቱ ተማሪ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳያይ ባያልፍ ይሻለዋል።

የቤተ ክህነት ትምህርት እንደሚታወቀው በደረጃ የተከፈለ ነው። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፥ ንባብ ተምሮ፥ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት፥ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት፥ በመጨረሻም ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። ሁሉም በአንድ ቦታ አይገኝም። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፥ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፥ አቋቋምና ትርጓሜ የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። እንግዲህ ተማሪው ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ ጎጃምን፥ በጌምድርን፥ ወሎንና ትግራይን በእግሩ ማዳረሱ ነው። ይህም ሁሉ ሲሆን ከመንግሥትም ሆነ ከደብሩ የተቆረጠለት ቀለብ የለም።

ከቤቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሳይመረቅ ነው። አባት ልጁ ከብት እንዲጠብቅለት፥ ኋላም ሞፈር እንዲጨብጥለት ይፈልጋል። ልጁ ግን አንድ ሌሊት ከጓደኛው ጋራ ተማክሮ ይጠፋል። መሪጌታ እንደ ነገሩን እርሳቸውም የጠፉት በአሥራ አንድ ዓመታቸው ሲሆን፥ የያዙት አንድ ቅልና እናታቸው ለሌላ ነገር የቆላችውን ሽምብራ ነበር። «የቆሎ ተማሪ» የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ከስንቁ ነው። አባቱ ዘንድ ቢቀር እርሻው ስለሚስበው፥ በአገሩም ለምኖ መብላት ስለሚያሳፍረው፥ ከዘመድ መራቅ የትምህርቱ የመጀመሪያ ግዴታ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ልመናው ደንብ አለው። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፥ ከሣር የተሰፋ አኮፋዳውን በብብቱ አንጠልጥሎ፥ በትሩን ይዞ በየደጃፉ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ስሟ ስለ ማርያም ማለት ነው። ስለ እኔ፥ ስለ ረኃቤ አይልም። የቤቱ እመቤት ካላት ቁራሽ ታመጣለታለች፤ ከሌላት «እግዚአብሔር ይስጥህ» ትለዋለች፤ እርሱም ሳያጉረመርም ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ያገኘውን ይዞ ወደ ጎጆው ሲመለስ ጤፉ ከዳጉሳው፥ የዛሬው ከትናንቱ፥ ሹሮው ከጎመኑ ተደባልቆ አንድ ሆኗል። የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ለታመመውና መሄድ ላቃተው ጓደኛ ሌላው ይለምንለታል፤ ይህን የማያደርግ ተማሪ በጉባኤው መካከል ስሙ ይጠፋል።

ከልመናው ሁሉ የከፋው ውሻው ነበር። የገበሬ ውሻ ደበሎና አኮፋዳ ለይቶ ያውቃል ይባላል። መሪጌታ ይህን ሲነግሩን የቀኝ ባታቸውን ገልጠው ጠባሳውን አሳዩን፤ «ይኸ የድጓ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የቅኔ» ብለው ሳቁ። ከውሻው ቀጥሎ የሚፈራው ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት ወራት ስለ ሆነ ቁራሹም ይጠፋል። ወንዙም ሞልቶ ከመንደር ወደ መንደር አያሻግርም። በአንጻሩ በመኸር ጊዜ ተማሪው ከአውድማ እህል ይሰበስባል። ተዝካር አለ የተባለ እንደ ሆነም የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዞም ቢሆን ይደርሳል። የቆሎ ተማሪ የተዝካር ወሬ በሦስት ወንዝ ማዶ ይሰማል እያሉ የሚቀልዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ጎጆውና ስለ ጤናው ብዙ አንናገርም። ተማሪዎቹ እንጨት ቆርጠው፥ ሣር አጭደው ራሳቸው የሚሠሩት፥ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ጠባብ ጎጆ ነው። ቅማሉና እከኩ የታወቀ ነው፤ ተስቦ የገባ ጊዜም ጉባኤው ይፈታል። አእምሮ ያበራል ተብሎ አብሾ የሚጠጡም ነበሩ። የዚህ ቅጠል መርዝነት ዛሬ የታወቀ ሲሆን፥ በእርሱ ምክንያት አእምሮው ተነክቶ የቀረ ተማሪ ወሬ በየጉባኤ ቤቱ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ የቻለው ለምን እንደ ሆነ የሚገባን ቅኔ ቤቱን ስናይ ነው። በዚያ ጀማሪው በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪቀኝ ድረስ ይደክማል። ቀን ቀን ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ወደ ማታ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ያርመዋል፤ ወይም ያፈርሰዋል። ከዚያም መምህሩ ራሱ ለጉባኤው ይዘርፋል። ትናንት የሰማውን መልሶ መድገም ብቻ በቂ አይደለም፤ በየቀኑ አዲስ ነገር ከራሱ ማውጣት አለበት። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ የገለበጥነውን ደብተር ስናስታውስ በዚህ ነገር ትንሽ ሳንቀና አልቀረንም።

መምህሩ ደመወዝ አይቀበልም። ተማሪው ውሃ ይቀዳለታል፥ እንጨት ይለቅምለታል፥ እርሻ ካለውም ያርምለታል። ነገር ግን ተማሪውን የሚያበላው መምህሩ አይደለም። በዚህ ምክንያት ተማሪው የመምህሩ ትምህርት ያልጣመው እንደ ሆነ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ለመሄድ የሚከለክለው አልነበረም። የመምህሩም ዝና የሚለካው ሳይገደድ በተከተለው ተማሪ ብዛት ነበር። ደብሩ የሰሞን መሬት ቢኖረውም መሬቱ የካህናቱ እንጂ የተማሪው አይደለም። ገበሬው የጉልቱን ግብር ከከፈለ በኋላ በመሶቡ ከቀረችው ላይ ቆርሶ የሰጠው ነው እንግዲህ የአገሪቱን ሊቃውንት ያሳደገው። «ገበሬው» ስንልም ስሕተት እንዳይሆንብን፤ ደጁን ከፍታ፥ ውሻውን ይዛ፥ ቁራሹን ያወጣችው ሴቲቱ ናት። ልጆቿ ሴቶች ልጆች ግን ወደዚያ ጉባኤ አይገቡም ነበር። ከጥቂቶቹ ያፈነገጡ አንዷ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። እርሳቸውም ቢሆኑ መምህሩ አባታቸው ባይሆን ኖሮ የተማሪው መንገድ ይከፈትላቸው ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ለምኖ መማር የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1388 በወጣ ሕግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየዞሩ ለመለመን የቻንስለራቸውን የምስክር ወረቀት እንዲይዙ ታዝዞ ነበር። በፓሪስም ሮቤር ደ ሶርቦን በ1257 ገደማ ያቋቋመው ቤት ድኾች የሆኑ የነገረ መለኮት ተማሪዎች እንዲያድሩበትና እንዲመገቡበት ነው። ልዩነቱ በዚያ አገር ኮሌጅ የሚባለው ነገር ራሱ ከዚህ ከመኝታና ከምግብ ቤት አድጎ መውጣቱ ነው። በእኛ አገር ግን አዲሱ ትምህርት ቤት ከጥንቱ ጉባኤ አልተወለደም፤ ጐን ለጐን ተተከለ እንጂ።

የአስኳላ ትምህርት ሲመጣ ተማሪውን የመመገቡ ነገር ከገበሬው ደጃፍ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተዛወረ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከጠላት ወረራ በኋላ የተማረ ሰው ከቁጥር የሚገባ አልነበረምና ተማሪ የሚፈለግ፥ የሚለመን እንጂ የሚለምን አልሆነም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባት በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። ትምህርቱም፥ መኝታውም፥ ምግቡም በነፃ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጁን እየመላለሱ ይጐበኙ ነበር፤ ተማሪዎቹም እንደ አባትና እንደ አሳዳጊ እንዲያዩዋቸው ይጠበቅ ነበር። ከነዚህ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በልጅነታቸው አኮፋዳ ያንጠለጠሉ ሳይሆኑ አይቀሩም። አሁን ግን ወንበር ስበው፥ በሹካ፥ በታወቀ ሰዓት ይበላሉ።

ይህ ትልቅ ዕረፍት መሆኑን የሚክድ ያልተራበ ሰው ነው። እኛም የአዳሪነትን ጥቅም ከራሳችን እናውቀዋለን። ሆኖም ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው፥ ሰጪው ስም አገኘ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ የተሰጠ ቁራሽ ሰጪዋ ማን እንደ ሆነች ስለማይታወቅ ምስጋናው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከቤተ መንግሥት የመጣ እንጀራ ግን ሰጪው የታወቀ ስለ ሆነ ውለታው ይቆጠራል። ሁለተኛው፥ ተማሪው በአጥር ውስጥ ሆነ። የቆሎ ተማሪ የትኛው መንደር ድርቅ እንደ መታው፥ የትኛው ባላባት ገበሬውን እንደሚገፋ ከአኮፋዳው ክብደት ያውቅ ነበር። አዳሪው ተማሪ ግን ስለ ገበሬው የሚያውቀው ከመጽሐፍ ወይም ለክረምት አገሩ ሲገባ ከሚያየው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ለአሳባችን የማይመች ነገር አለ፤ ደብቀን ልናልፈውም አይገባንም። ገበሬውን በደጃፉ እየቆመ ያወቀው የቤተ ክህነት ተማሪ አድጎ ካህን፥ ደብተራ፥ አለቃ ሲሆን ስለዚያ ገበሬ መሬት እምብዛም አልተናገረም። የተናገሩት በአጥር ውስጥ ሆነው የበሉት ናቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት በሞከረ ጊዜ ያበሏቸውን ንጉሠ ነገሥት ትተው ሙከራውን ደግፈው በአደባባይ ተሰለፉ፤ ኋላም ምሕረት ተደረገላቸው። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን በዓል ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የሄዱትም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ እንጀራ ያበላ ሁሉ አፍ ያስይዛል ማለት ስሕተት ነው፤ የድኻን ደጅ የረገጠም ሁሉ ለድኻ ይናገራል ማለት እንዲሁ ስሕተት ነው። ምናልባት ተማሪውን ያናገረው የውለታው ክብደት ራሱ ይሆን? ከማን ኪስ እየበላሁ ነው ብሎ የጠየቀ ተማሪ መልሱን ከቤተ መንግሥት አልፎ በገበሬው ግብር ላይ ማግኘቱ አይቀርም ነበር።

በ1955 የትምህርት ዘመን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የአዳሪነቱ ደንብ ሲቀር ተማሪው ከአጥሩ ወጥቶ በከተማው ውስጥ ቤት ፈላጊ ሆነ። ምክንያቱ የወጪ ነገር ነው ያሉ አሉ፤ ተማሪዎቹ ግን ግጥሞቹ ያመጡት ቅጣት አድርገው ነው ያዩት። የቀረውን አጥር የሰበረው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፥ ብዙውን ጊዜ በአስተማሪነት፥ እንዲያገለግል ተወሰነ። በዚያ በአውራጃ ከተማ ቤት ተከራይቶ፥ ከአገሬው ጋራ ቡና ጠጥቶ የኖረ ሰው ሲመለስ የቀድሞው ሰው አይሆንም።

በ1958 ዓ.ም. የሆነውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሾላ በአንድ ሰፈር ታጉረው ስለ ነበሩት የአዲስ አበባ ለማኞች ሰልፍ ወጡ፤ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ጠየቁ። ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን ተማሪ ማለት ለማኝ ማለት ነበር፤ ልመናውም ክብር እንጂ ነውር አልነበረም። አሁን ግን ልመናን የማያውቅ ተማሪ ስለ ለማኝ ተሟገተ። በዚያው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የአቶ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ከቅኔ ቤት የወጣውን በዛብህን ለመላው አንባቢ አስተዋወቀ። ደራሲው ራሳቸው የጎጃም ቅኔ ቤት ልጅ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪው በሙሉ ወደ ገጠር ወረደ፤ ያን ዘመን በሚገባ የሚጽፍ ሌላ ተማሪ እንዲነሣ እንመኛለን። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም እኛ ራሳችን የፈረምነው የወጪ መጋራት ውል መጣ፤ የበላነው እንጀራና የተኛንበት አልጋ በብር ተተምኖ ከወደፊት ደመወዛችን ይከፈላል። ሰጪው አሁን አባትም አይደለም፥ ማርያምም አይደለችም፤ ሒሳብ ነው። ውሉን ስንፈርም ከመካከላችን አንዳችንም እስከ መጨረሻው አላነበብነውም።

መሪጌታን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅናቸው በ1965 ዓ.ም. የት እንደ ነበሩ ነው። ያን ዓመት የመረጥነው በወሎ በደረሰው ረኃብ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከወሎ ይዘዋቸው የመጡት የረኃብተኞች ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታይተው ነበር። መሪጌታ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆነው በዚያው በወሎ ቅኔ ይቆጥሩ ነበር። ሥላሴ ላይ ደርሰው ነበር አሉን። ከአንድ መንደር ደርሰው እንደ ልማዳቸው ከደጅ ቆመው የማርያምን ስም ጠሩ። የቤቱ እመቤት ወጣች። እጇ ባዶ ነበር። «ልጄ፥ እኛም ነገ መንገድ ልንወጣ ነው» አለቻቸው። ውሻ አልጮኸም፤ ውሻም አልነበረም። በማግሥቱ መምህሩ ጉባኤውን ፈቱ፤ ተማሪዎቹም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከአበሏቸው ሰዎች ጋራ ተደባልቀው ሄዱ። ያን ጊዜ በአኮፋዳቸው ውስጥ የቀረውን አንድ እፍኝ ድርቆሽ ለማን እንደ ሰጡት ጠየቅናቸው። «ለዚያች ሴት ልጅ» አሉን።